ሥራሽን በስሙ አስጠሪው

የኔ ልጅ፣ ባለፈው እሑድ ቡናው ላይ ካወጋሽን ወዲህ ግን ልቤ አላረፈም። ኮንትራትሽ ሊያልቅ መቃረቡን፣ ያጠራሽው ዳታና የጻፍሽው ፕሮግራም ያለበት ጥናት ታትሞ ሲወጣ ስምሽ ከአዘጋጆቹ መሐል አለመገኘቱን፣ «ከዚህስ ባንክ ገብቼ ብሠራ ይሻለኛል» ማለትሽን ሁሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ዝም ያልኩት ነገሩ ቀልሎኝ አይደለም። ሽማግሌ ነገርን ያሳድራል እንጂ እንደሰማ አይመልስም። አሁን አሳድሬዋለሁና ልንገርሽ። በቃል ብነግርሽ ሥራ ይዞሽ ይነጉዳል፤ የተጻፈ ግን ሲከፋሽም ሲደላሽም አውጥተሽ ታነቢዋለሽ።

በመጀመሪያ ይህን እወቂልኝ፤ የምትሠሪው ሥራ ሥራ ነው። እኔ አገሬ ሳለሁ ጎንደር ላይ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከደምቢያ ባላገሩ በእግሩ ተጉዞ ይመጣል፤ የመሬት ክርክር አለው፣ የውርስ ጉዳይ አለው። ጠበቃው ቢራቀቅ፣ ዳኛው ቢጠበብ፣ ዶሴው ካልተገኘ ፍርድ የለም። ዶሴው እንዲገኝ ደግሞ አንድ ሰው በቁጥሩ መዝግቦ፣ በዓመቱ ለይቶ፣ ከአይጥና ከርጥበት ጠብቆ ማስቀመጥ አለበት። ፍርዱ ሲሰጥ የረታው ሰው ዳኛውን እጅ ነስቶ ይሄዳል፤ ዶሴውን ያወጣለትን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ዳኛው ግን ያውቅ ነበር፤ መዝገብ ቤቱ ከተዛባ ችሎቱም እንደሚዛባ ያውቅ ነበር። ያንቺም ሥራ እንደዚያው ነው። ፕሮፌሰሩ ጉባኤ ላይ ቆሞ የሚናገረው ነገር አንቺ ባጠራሽው ሠንጠረዥና በጻፍሽው ኮድ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ «እኔ እኮ ተመራማሪ አይደለሁም፣ አጋዥ ነኝ» ስትዪ ስሰማ ይከፋኛል። ራስሽን አታሳንሺ ልጄ። ሰው ራሱን በጠራበት ስም ሌላውም ይጠራዋል።

ይህ የስም ነገር ደግሞ ባንቺ አልተጀመረም። እዚሁ ከተማችን አምስተርዳም ውስጥ የሆነውን ልንገርሽ፤ ምናልባት ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂው ይሆናል፣ ነገር ግን ከአባት ሲሰማ ሌላ ነው። ዓመቶቹን እዚህ ኔዘርላንድስ በሚቆጠሩበት አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ኤድስገር ዳይክስትራ በ1930 የተወለደ የሮተርዳም ልጅ ነው። ላይደን ፊዚክስ እየተማረ ሳለ በማርች 1952 አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራመርነት ተቀጠረ። ማዕከሉ ያኔ የነበረበት ሁለተኛው ቡርሃቬ መንገድ ከእኛ ሰፈር ከኢንዲሸ ቡርት በእግር የሚደረስ ነው። በ1957 ሊያገባ ሄመንቴ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማለት ነው፣ ቀርቦ ሥራህ ምንድን ነው ቢባል ፕሮግራመር ነኝ አለ። ጸሐፊዎቹ እንዲህ የሚባል ሙያ የለም ብለው አልቀበል አሉት፤ በጋብቻ ወረቀቱም ላይ የፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ተጻፈ። አስቢው፤ ይህ ሰው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ገበያ ሲዞር ደክሞት፣ ካፌ በረንዳ ላይ ቡና ሊጠጣ አረፍ ባለበት፣ ከቦታ ወደ ቦታ አጭሩን መንገድ የማግኛ ዘዴ ያሰበ ነው። ዛሬ ስልካችን መንገድ የሚመራን ከዚያ ሐሳብ በተወለደ ዘዴ ነው። ሥራው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ሙያው በመዝገብ ላይ ስም አልነበረውም። በ1972 በኮምፒውተር ዓለም ትልቁን ክብር፣ የቱሪንግን ሽልማት፣ ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ የጋብቻ ወረቀት ነገር አነሣው። አየሽ፣ ሥራው ቀደመ፣ ስሙ ተከተለ።

ከዚህ ሰው ታሪክ ግን እኔን ይበልጥ የሚነካኝ ሌላው ክፍል ነው። ከሠርጉ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1955፣ ልቡ እንዳንቺ ለሁለት ተከፍሎበት ነበር። ፊዚክሱን ልያዝ ወይስ ይህን ገና ወግ ማዕረግ የሌለውን ሥራ? ሌላው ባለሙያ ዕውቀትህ ምንድን ነው ቢባል የሚያሳየው አለው፤ እኔ ምን አሳያለሁ ብሎ ተጨነቀ። ጭንቀቱን ይዞ አለቃው አድሪያን ቫን ዋይንጋርደን ዘንድ ገባ። አለቃው አላቃለለበትም፤ እውነትህን ነው፣ ገና እንደ ሙያ አልቆመም አለው። ቀጥሎ ግን ኮምፒውተር መጥቶ የሚሄድ ነገር እንዳልሆነ፣ ገና ከጅምሩ ላይ እንዳሉ ነግሮት፣ ይህን ሥራ የተከበረ ሙያ ከሚያደርጉት አንዱ አንተ ብትሆንስ ብሎ ጠየቀው። ወጣቱ ከዚያ ቢሮ ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። ልጄ፣ በሥራ ቦታሽ እንዲህ ያለ አንድ ታላቅ ፈልጊ። አባት ጠባይን ይመክራል፤ የሙያውን ዳገትና ቁልቁለት የሚያውቀው ግን የወጣበት ሰው ነው። ከ2017 ጀምሮ በዚህ አገር የምርምር ሶፍትዌር ባለሙያዎች የሚገናኙበት ኅብረት እንዳለ አንቺው ነግረሽኛል። ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ከምትብሰለሰዪ እነሱ ዘንድ ሂጂ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ።

የዳይክስትራን ስም ዓለም ያውቀዋል። የባለቤቱን የማሪያ ዴቤትስን ግን ስንቱ ያውቃል? እሷም እዚያው የሒሳብ ማዕከል ውስጥ ሬከንመይስየስ ከሚባሉት አንዷ ነበረች። እነዚህ በሒሳብ የጎበዙ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ኮምፒውተሩ ሳይደርስ በፊት የጠረጴዛ ማስያ ይዘው ቁጥር በቁጥር እየደመሩ ይውሉ ነበር። ለፎከር አውሮፕላን ስሌት የሠሩ እነሱ ናቸው። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1953 ባሕሩ ግድቡን ጥሶ በዚህ አገር 1,836 ሰው ከፈጀ በኋላም፣ የዴልታ ግድቦች ሲታሰቡ ማዕከሉ ለሠራው ስሌት እጃቸውን አዋጥተዋል። ዛሬ እኛ ከፊሉ ከባሕር በታች በሆነ አገር በሰላም ተኝተን የምናድረው ስማቸውን በማናውቃቸው ሰዎች ድካም ጭምር ነው። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚ አይደለም። ነገ አንቺ ታላቅ ስትሆኚ፣ ከሥርሽ ተቀምጦ ቃለ መጠይቁን ወደ ጽሑፍ የገለበጠውን ተማሪ፣ ቤት ለቤት ዞሮ መጠይቁን ያስሞላውን ልጅ በስሙ እንድትጠሪው ነው። ስሙ ሲዘለል የሚያመውን ያወቀ ሰው የሌላውን ስም አይዘልም። ቂም ይዘሽ ከምትኖሪ፣ ያጣሽውን ለሌላው መስጠት ልመጂ።

ሌላው ምክሬ ስለ አደራ ነው፤ አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ አባቶች። በእጅሽ ያለው ዳታ ቁጥር ብቻ አይደለም፤ የሰው ኑሮ ነው። ሮተርዳም ውስጥ ኦሞርድ በሚባለው ሰፈር ከ1990 ጀምሮ ኢራስመስ የሕክምና ማዕከል አረጋውያንን ሲከታተል ኖሯል፤ ልባቸውን፣ ዓይናቸውን፣ የማስታወስ ኃይላቸውን ከዓመት ዓመት እየመዘገበ። በዚያው ከተማ ከ2002 ጀምሮ ወደ 10,000 የሚጠጉ ልጆችን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ የሚከታተል ሌላ ጥናት አለ። በእኛም አገር የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ ቡታጅራ ላይ፣ የሚወለደውንና የሚሞተውን ቤት ለቤት ሲመዘግቡ ኖረዋል። ዳባት ያሉ እናቶች በራቸውን ከፍተው ስለ ሞተባቸው ልጅ ለማያውቁት ሰው ሲናገሩ፣ ይህ ነገር አይጠፋም፣ ለሌላውም ልጅ ይተርፋል ብለው ነው። ያን ያህል ዘመን ተመራማሪው ይቀያየራል፣ ኮምፒውተሩ ይቀየራል፣ የጥናቱ ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል። መረጃውን ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ሳይፋለስ የሚያሻግረው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው። ሰውየው ኮንትራቱ አልቆ ሲሄድ የዳታው ምሥጢር አብሮት ይሄዳል። ያንቺ ቦታ መጽናት ያንቺ እንጀራ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምልሽ ለዚህ ነው።

አንድ ቀን ኮምፒውተርሽን ከፍተሽ ያሳየሽኝን አልረሳውም። የልደት ቀን የተጻፈበት ዓምድ ነበር። ማሽኑ በቀይ ምልክት ካደረገባቸው መሐል አንዱ ወሩ 13 ይላል፤ እንዲህ ያለ ወር የለም ብሎ ሊጥለው ነው። ከሥሩ ደግሞ ጃንዋሪ 1፣ ጃንዋሪ 1፣ ጃንዋሪ 1 እያለ ይወርዳል፤ ይህን ያህል ሰው በአንድ ቀን አይወለድም ብሎ እሱንም ተጠራጥሮታል። አንቺ ግን አላስጣልሽም። 13ኛው ወር ጳጉሜ መሆኑን አወቅሽ። ጃንዋሪ 1 የተባሉትም ልደታቸው በቀን ያልተያዘ፣ ድንበር ላይ ወይም ካምፕ ውስጥ ጸሐፊ እንዲሁ የሞላላቸው ስደተኞች ሊሆኑ እንደሚችሉ ገባሽ። «አባዬ፣ እነዚህ እኮ እንዳንተ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ብሰርዛቸው ከጥናቱ የሚጠፉት ስደተኞቹ ናቸው» አልሽኝ። ረድፉን ሳትደልዢ፣ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ከጎኑ ማስታወሻ ጻፍሽበት። የዚያን ዕለት የተማርሽው ሁሉ ዋጋ እንዳለው አየሁ። ይህን ሥራ ፕሮግራም ማወቅ ብቻውን አይሠራውም፤ ሰውን ማወቅ ይጠይቃል፣ መጠንቀቅ ይጠይቃል። ማንም ቢያቻኩልሽ ይህን ጥንቃቄሽን አትልቀቂ። አንድ ታላቅ ሰው መጥቶ ቁጥሩን እንደምንም አስማሚልኝ ቢልሽ ደግሞ በትሕትና እምቢ በዪ። ያላየሽውን አየሁ ብለሽ የምታገኚው እንጀራ በዚህ ቤት አልተለመደም፤ አያትሽም በሐሰት መስክሮ አያውቅም።

አሁን ወዳስከፋሽ ነገር ልመለስ፤ ስምሽ ስለ መዘለሉ። በእኛ አገር ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ መጽሐፉን ሲጨርስ፣ መጨረሻው ላይ ያጻፈውን ሰው ስም ያነሣል፤ ብዙ ጊዜም የራሱን ስም ያክልበታል፤ አንባቢው በጸሎት እንዲያስበው ይለምናል። እንደዚያ ያለ ትሑት ሰው ስሙን የሚጽፈው ለትዕቢት አይደለም። ሥራው ባለቤት እንዳለው፣ ቢሳሳትም ባይሳሳትም የሚጠየቅ ሰው እንዳለ ለማሳወቅ ጭምር ነው። ስለዚህ ስሜ ይጻፍልኝ ማለት ነውር እንዳይመስልሽ። ነውሩ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት ነው። አሁን ደግሞ ለሶፍትዌርም ለዳታም እንደ መጽሐፍ የሚጠቀስበት ቋሚ ቁጥር እንደሚሰጥ፣ ከፕሮግራሙ ጋር እንዴት ይጠቀስ የሚል ፋይል ጸሐፊዎቹን ዘርዝሮ እንደሚቀመጥ አስረድተሽኛል። ታዲያ ለምን ትተዪዋለሽ? የምትጽፊው ነገር ሁሉ ስምሽን ይዞ ይውጣ። የጥናት ጽሑፍ ላይም ማን ይጻፋል የሚለውን ሥራው ሲጀመር ጠይቂ እንጂ ታትሞ ከወጣ በኋላ አትዘኚ። በመጀመሪያው ቀን ፈገግ ብለው የሚጠይቁት ነገር በመጨረሻው ቀን ጠብ ይሆናል።

ከብራናው ሳንወጣ፣ የሊቁን የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ነገር አንርሳ። የሸንኮራ ሰው ናቸው፤ በ1975 በደርግ ዘመን በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ ተሳናቸው። አገር ለቀው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ደረሱ። ከ1973 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ገዳማትና አድባራት በማይክሮፊልም እየተነሡ የተቀመጡ በሺህ የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍት እዚያ ነበሩ። እሳቸው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው አንድ በአንድ አነበቧቸው፤ መጽሐፉ ምን እንደሆነ፣ በማን ዘመን እንደተጻፈ፣ በውስጡ ምን እንዳለ እየመዘገቡ ቅጽ በቅጽ ካታሎግ አወጡ። ካታሎግ ብዙ ሰው የሚንቀው ሥራ ነው፤ አውጣልኝ ሲሉት ያወጣል፣ ከዚያ ይረሳል። የእሳቸው ካታሎግ ግን ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ጥናት ላይ የሚጻፍ ሁሉ የሚመረኮዝበት ሆነ፤ በ1988ም የማካርተር ሽልማት ተሰጣቸው። በ2021 ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው። መረጃ አደራጅ ሆኖ ሊቅ መሆን እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም። እሳቸው አንዱን ከሌላው አልነጠሉም፤ አንቺም አትነጥዪ።

ስለ ኮንትራቱም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እላለሁ። ዝም ብለሽ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቂ። የዚህ አገር ሕግ ከ2020 ወዲህ በአጠቃላይ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ጊዜያዊ ውል በላይ እንዳይሰጥ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ቋሚ ውል፣ ቫስት ኮንትራክት የሚሉት፣ እንዲሆን ያዛል። የዩኒቨርሲቲዎቹ የኅብረት ስምምነት ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩን ጠይቂ። አለቃሽ ዘንድም ስትገቢ ቁጣ ይዘሽ አትግቢ፤ ወረቀት ይዘሽ ግቢ። የትኛው ጥናት ባንቺ ፕሮግራም እንደተሠራ፣ ስንቱን ተማሪ እንዳስተማርሽ፣ አንቺ ብትሄጂ ምን እንደሚቆም በአንድ ገጽ ጻፊው። በኖቬምበር 2019 የዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች፣ የሕክምና ማዕከሎቻቸው፣ የሳይንስ አካዳሚውና ዘ ሄግ የሚገኘው የምርምር ገንዘብ ሰጪው ኤንደብልዩኦ፣ ሰውን በታተመ ጽሑፍ ብዛት ብቻ መመዘን ይቅር፣ ለእያንዳንዱ ተሰጥኦ ቦታ ይኑር ብለው በጋራ ጽፈዋል። በ2022ም ገንዘብ ሰጪዎች እዚሁ አምስተርዳም ተሰብስበው ለምርምር ሶፍትዌርና ለሚሠሩት ሰዎች ዘላቂ በጀት ስለ መስጠት የሚናገር መግለጫ አርቅቀዋል። አለቆችሽ የጻፉትን በጨዋ አንደበት አስታውሻቸው። የተጻፈ ቃል የሚያስታውሰው ካላገኘ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ተስፋ እንዳትቆርጪ ሌላም ልጨምርልሽ። ሐዲዱን ተሻግሮ ያለው ሳይንስ ፓርክ ለብዙ የሰፈራችን ልጅ ዝም ያለ ሕንፃ ይመስለዋል። እዚያ ባለው የዱሮው የሒሳብ ማዕከል ወራሽ ተቋም ውስጥ ነው ጊዶ ቫን ሮሱም በ1989 የገና ሰሞን ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መሥራት የጀመረው፤ በ1991 ለሕዝብ ለቀቀው። ማንም አላዘዘውም፤ ዛሬ ግን ከሐኪሙ እስከ ከዋክብት ተመራማሪው በእሱ ይሠራል፤ በ2019 ያየነው የጥቁሩ ጉድጓድ ምስልም በፓይተን የተጻፉ ፕሮግራሞች አሉበት። በዚያው ሳይንስ ፓርክ ኤንደብልዩኦ እና ሰርፍ የሚባለው ድርጅት ያቋቋሙት የኔዘርላንድስ ኢሳይንስ ማዕከል አለ፤ ሥራዬ ብለው የምርምር ሶፍትዌር የሚጽፉ መሐንዲሶችን ቀጥሮ ለየዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ያግዛል። ዘ ሄግ ደግሞ ዳንስ የሚባለው የዳታ ማኅደር ከ2005 ጀምሮ የሌሎችን ጥናት ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ዳይክስትራ ሄመንቴ በቀረበ ጊዜ አልነበረም። አንቺ የምትጠሪበት የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ የሚለው ስም እንኳ እንግሊዝ አገር የወጣው በ2012 ነው። ሙያሽ ካንቺ በዕድሜ ያንሳል ልጄ፤ ገና ሲያድግ ትዕግሥት ይፈልጋል።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብሽ ላውጣልሽ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ማኅበር ላይ፣ ልቅሶ ቤት ሳይቀር «ልጅቷ ዶክተር አልሆነችም?» እያሉ እንደሚጠይቁ አውቃለሁ፤ አንቺም ሰምተሽ አንገትሽን ስትደፊ አይቻለሁ። ወገኖቻችን ክፉ አይደሉም። ብዙ መከራ አይተው ልጅ ያሳደጉ ናቸውና የድካማቸውን ፍሬ በአንድ ማዕረግ ማየት ይወዳሉ። ለነሱ መልስ መስጠት ግን የኔ ፋንታ ነው፤ አንቺን አያስጨንቅሽ። ዕውቀት ጠምቶሽ ዶክትሬቱን ብትፈልጊው ሸክምሽን ተሸክሜ አደርስሻለሁ። ለጎረቤት ብለሽ ግን አትጀምሪው። የቤታችን ክብር ከስምሽ ፊት በሚጻፈው አይለካም፤ አደራ በመጠበቅሽ፣ ቃልሽን ባለማጠፍሽ፣ ደካማውን ባለመግፋትሽ ነው። አባትሽ ይህን ብሎ አደባባይ ላይ ይናገራል፤ አያፍርም።

ደግሞም ሥራውን ሁሉ ብቻሽን አትታቀፊው። «እኔ ከሌለሁ ማንም አያስነሣውም» ብለሽ የተናገርሽው ነገር ሲነገር ደስ ይላል፤ ሲኖሩበት ግን እስር ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። የምታውቂውን ጻፊው፣ ለታናናሾችሽ አሳዪ፣ አንቺ ታመሽ ብትተኚ ሌላው የሚያነሣው አድርገሽ አስቀምጪው። አንዳንዱ ዕውቀቱን ደብቆ ተፈላጊ ልሁን ይላል፤ እንዲህ ያለ ሰው ሲፈለግ ይኖራል እንጂ ሲከበር አይኖርም። ጎንደርና ባሕር ዳር ያሉትንም ልጆች አትርሺ። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት፣ መብራት በሚጠፋበት ሆነው ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ፤ የጦርነቱን ዘመን ደግሞ አንቺም ታውቂዋለሽ። በወር አንድ ቀን በስልክ ብታስተምሪያቸው፣ የጻፍሽውን በነፃ ብታካፍዪያቸው፣ ገንዘብ ከመላክ የማይተናነስ ውለታ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምተሽ፣ ሞክረሽ፣ ጠይቀሽ፣ በመጨረሻ መሄድ ይሻለኛል ካልሽ ደግሞ አልከለክልሽም። እንጀራ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፤ ባንክም የሰው ቤት ነው። የምለምንሽ ሁለት ነገር ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላልና በንዴት ቀን ደብዳቤ አታስገቢ፤ ከጾሙም ከጸሎቱም በኋላ፣ ልብሽ ሲረጋ አስገቢ። ስትወጪም ቤቱን አጽድተሽ ውጪ። የዳታውን መግለጫ ሙዪ፣ የፕሮግራሙን አሠራር ጽፈሽ ለተተኪሽ አስረክቢ፣ የበደለሽንም ሰው በስሙ እያነሣሽ አትዙሪ። አለቃሽ ቢበድልሽ ዳታ የሰጡት አሮጊቶችና ሕፃናት አልበደሉሽም፤ የነሱ አደራ ሜዳ ላይ አይቅር። ነገ ያው ሙያ መልሶ ቢያገናኛችሁ ፊትሽን የማትመልሺበት ሰው አይኑር።

እናትሽ ስለ እንቅልፍሽ ትጨነቃለች፤ እኔም እንዲሁ። ማሽኑ ሌሊት ይሥራ፤ አንቺ ተኚ። ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ፤ ከፍልሰታው በፊት ደግሞ መጥተሽ ከኛ ጋር ሰንብቺ። አለቃሽ ዘንድ ከመግባትሽ በፊት ያችን አንድ ገጽ ላኪልኝ፤ ደቹን ባላቃናልሽም፣ የቁጣ ቃል ካለባት ለይቼ አሳይሻለሁ።

እግዚአብሔር በሰው ፊት ሞገስ ይስጥሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ የጻፍሽው ይጽና፣ አደራሽን ሳትበዪ ለሚመጣው አስረክቢ። የሚያይሽ አለቃ፣ የምታሳድጊው ተተኪ አትጪ። ሥራሽን በስሙ የሚጠራ ዘመን ላንቺ ይድረስልሽ፤ ካንቺ ኋላ ለሚመጡትም ያንቺ እጅ ያለበት ይሁን። አሜን።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ አባትሽ፣
ከኢንዲሸ ቡርት፣ አምስተርዳም